ቃጠሎ የሌለበት ፍንዳታ

ሐሙስ ጠዋት ካርድ ክፍሉ ሲከፈት አሥራ አንድ ካርዶች በጠያቂዋ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ጠበቋት። ማክሰኞ ረፋድ ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ የገቡ፣ ሁሉም ከአንድ የጡብ ፋብሪካ የመጡ ሰዎች ካርዶች ነበሩ። ማክሰኞ ሆስፒታሉ እንዴት እንደዋለ አይታለች። ቃሬዛ አልቆ ሰዎች በብርድ ልብስ ተይዘው ሲገቡ፣ ኮሪደሩን የሚወለውለው ሰው ጨርቁን ጨምቆ ሳይጨርስ ሌላ ደም ሲከተለው አይታለች። አሁን ያ ሁሉ ጩኸት ወረቀት ሆኖ እሷ ዘንድ ደረሰ።

ሥራዋ ይህ ነው፤ የሕክምና ኮድ ሰጪ ናት። ሐኪሞች በካርድ ላይ የጻፉትን ታነብና ለእያንዳንዱ ጉዳት ቁጥሩን ትሰጣለች። ለተሰበረው አጥንት አንድ ቁጥር፣ ለተቆረጠው እግር ሌላ ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጉዳቱ ከምን እንደመጣ የሚናገር ቁጥር። ከመሰላል የወደቀ፣ መኪና የገጨው፣ ሰው የደበደበው፣ ሁሉም የየራሱ አለው። በኮድ መጽሐፏ ውስጥ ወታደራዊ ዘመቻ ስለሚያደርሰው ጉዳት ብቻ የሚናገር አንድ ሙሉ ክፍል አለ። የመድፍ ይሁን የፈንጂ፣ የተጎዳው ወታደር ይሁን ሲቪል ለይቶ ይጠይቃል። ከወንዙ ማዶ ባሉት ኮረብቶች ላይ ሠራዊቱ ዘመቻ ከጀመረ ሦስተኛ ሳምንቱ ስለሆነ ያንን ክፍል ሰሞኑን በቃሏ ይዛዋለች። አንድ ሕግ ግን አለባት፤ አትገምትም። ሐኪሙ ያልጻፈውን አታስገባም። ያልገባትን ትጠይቃለች። ለዚህ ነው ሆስፒታሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው የጠፋው። ከበረኛው ጀምሮ ሁሉም "ጠያቂዋ" ይላታል።

የመጀመሪያውን ካርድ ገለጠች። የጉዳቱ ምክንያት ከሚለው ፊት ለፊት "የነዳጅ በርሜል ፍንዳታ፣ የሥራ ላይ አደጋ" ተብሎ ተጽፏል። ሁለተኛውም እንደዚያው። አሥራ አንዱም እንደዚያው። ጽሑፉን ከሩቅ ታውቀዋለች። ዶሮ የጫረው የሚመስለው ያ ጽሑፍ የአጥንት ሐኪሙ ነው፤ የምትወደው ሰው።

ፍቅራቸው የጀመረው በዚሁ ጽሑፍ ሰበብ ነበር። ከስምንት ወር በፊት በማብራሪያ ቅጽ ላይ "ዶክተር፣ የተሰበረው ቀኝ እጅ ነው ግራ? ማንበብ አልቻልኩም" ብላ ላከችለት። "ግራ። ይቅርታ፣ ሁለተኛ አይለመደኝም" ብሎ መለሰ። ለመደው እንጂ። ቅጹ በየሳምንቱ ይመላለስ ጀመር። በሦስተኛው ወር አንዱ ቅጽ እንዲህ የሚል መልስ ይዞ መጣ፦ "ሕመምተኛው ድኗል። ሐኪሙ ግን ጠያቂዋን ሳያይ የዋለ ዕለት ያመዋል።" ቅጹን ከእሷ ቀድመው ያነበቡት የካርድ ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። ክላሴር በብብታቸው ሳይሸጉጡ ሽንት ቤት እንኳ አይሄዱም ስለሚባል "ጋሼ ክላሴር" የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ "ልጄ፣ ይሄኛው ደግሞ በየትኛው ኮድ ነው የሚገባው?" አሏት።

ነገሩ ግን እንደ ቀልዱ ቀላል አልሆነም። እሱ የኮሎኔል ልጅ ነው። የእሷ እናት እዚያው ሆስፒታል ምድር ቤት የሕመምተኛ አንሶላ ታጥባለች። ኮሎኔሉ የልጃቸውን ነገር የሰሙ ዕለት "የአጣቢዋ ልጅ?" ብለው ብቻ ወደ ጋዜጣቸው ተመልሰዋል። ይህን ሐኪሙ እየሳቀ ነበር የነገራት። እሷ አልሳቀችም።

ካርዶቹን አንድ በአንድ ማንበብ ቀጠለች። "ፍንጣሪ ብረት ከጭን ወጥቷል፣ አራት ሴንቲ ሜትር።" "ሁለት ፍንጣሪዎች ከትከሻ ወጥተዋል።" "የግራ እግር ከጉልበት በታች ተቆርጧል።" አሥራ አንደኛውን ዘግታ የሰጠቻቸውን ቁጥሮች ከላይ እስከ ታች ስታያቸው አንድ ነገር ጎደላት። እንደገና አየች። አሥራ አንድ ሰው ነዳጅ ፈንድቶበታል፤ ከአሥራ አንዱ አንድም የተቃጠለ የለም።

"ጋሼ፣ የነዳጅ በርሜል ፈንድቶ አንድ ሰው እንኳ ሳይቃጠል ይቀራል?"

ጋሼ ክላሴር ቀና ሳይሉ፣ "እኔ ሲጋራ ስለኩስ እንኳ ጣቴን አቃጥላለሁ" አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ዳይሬክተሩ ትናንት ጠርተውኝ ነበር። የማክሰኞዎቹ ካርዶች እንደተጻፉ ይግቡ ብለውኛል። ነገርኩሽ፤ ከዚያ በላይ እኔን አትጠይቂኝ።"

ቅጽ አወጣች። እጇ እየከበዳት "ዶክተር፣ የጉዳቱ ምክንያት ከቀዶ ሕክምናው ማስታወሻ ጋር አይስማማም። እባክዎ ያብራሩልኝ" ብላ ጻፈችና ላከች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሰ። ከታች ሁለት ቃል ብቻ ተጽፎበታል፦ "እንደተጻፈው ይሁን።"

ያንን ጽሑፍ ለስምንት ወር ስታነብ ልቧ እየሞቀ ነበር። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የማታውቀው ሰው የጻፈው መሰላት።

* * *

ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ጀርባ ባለው ደረጃ ላይ ጠብቃ አገኘችው። አረንጓዴ ልብሱን አላወለቀም። ሁለት ቀን ያልተኛ ሰው ዓይን ነበረው።

"ቅጼን አንብበኸዋል?"

"አንብቤ መልሻለሁ።"

"እሱ መልስ አይደለም። ነዳጅ ነው ካልክ ቃጠሎው የት ሄደ?"

ግራ ቅንድቡን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገ። ሲጨንቀው እንዲህ ያደርጋል። "ስምንት ወር ሙሉ የጠየቅሽኝን ሁሉ መልሻለሁ" አላት። "ይሄን አንድ ነገር አትጠይቂኝ።"

"ሥራዬ ነው እኮ።"

"የምለምንሽ እንደ ሐኪም አይደለም። እኔ ነኝ የምለምንሽ።"

አንድ እርከን ወረደችና ቀጥ ብላ አየችው። "ኮሎኔሉ ናቸው አይደል? የሠራዊቱ ስም እንዳይነሳ ብለው ነው። የአባትህ ማዕረግ ከሰው እግር በለጠብህ?"

አፉን ከፈተ። የሆነ ነገር ሊላት እንደነበር በደንብ አይታለች። ከዚያ ከንፈሩን ገጠመው።

"እንደዚያ አስቢው" አለ በቀስታ። "እንደዚያ ብታስቢው ይሻለኛል።"

ትቷት ሄደ። ደረጃው ላይ ብቻዋን ቆማ የእግሩን ድምፅ እስኪጠፋ ሰማችው። ቢቆጣት፣ ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

* * *

ያ ቁጥር የወረቀት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ትተወው ነበር። ከአሥራ አንዱ ሦስቱ እግራቸው ተቆርጧል። የሰው ሠራሽ እግር ማዕከሉ ደግሞ በዚህ ዙር የሚቀበለው በዘመቻው የተጎዱ ሲቪሎችን ብቻ ነው። ዝርዝሩ የሚዘጋው ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ነው። የሚቀጥለው ዙር መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ማዕከሉ ሰዎቹን አያያቸውም፤ የሚያየው በእሷ እጅ የገባውን ቁጥር ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ወጣች። ለምን እንደወጣች ለራሷም በደንብ አልታወቃትም። በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋ ላይ ከሦስቱ አንዷ፣ ጡብ ደርዳሪዋ፣ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። መዳፎቿ እንደ አርባ ዓመት ሰው ሻክረዋል።

"አንቺም መርፌ ይዘሽ ነው?" አለቻት።

"አይ፣ እኔ የካርድ ክፍል ነኝ።"

"እሰይ። እንግዲያውስ ተቀመጪ።"

ሳትጠየቅ ማውራት ጀመረች። "ፉጨት ሰማሁ። እዚያ የሚሠራ አንድ ባለጌ አለ፣ ሴት ባየ ቁጥር ያፏጫል። እሱ መስሎኝ ልሰድበው ዞርኩ። ስድቡም አዘጋጅቼው ነበር።" ትንሽ ፈገግ አለችና ፈገግታው ፊቷ ላይ ቀረ። "ሰማዩ ነበር ለካ የሚያፏጨው። ከዚያ በኋላ አላስታውስም።"

"እሳት ነበር?"

"የምን እሳት? ምድጃው እኮ ሰኞ ዕለት ነው የጠፋው። አቧራ ብቻ ነበር።" ብርድ ልብሱ ባዶ የሆነበትን ቦታ በእጇ ደልደል አደረገችው። "ነርሷ እግር ይሠሩልሻል ብላኛለች። ሥራው ቁሞ የሚሠራ ነው፤ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። ይሠሩልኛል አይደል?"

ጠያቂዋ በሕይወቷ የጠየቀችውን ያህል ጥያቄ ተጠይቃ አታውቅም። በአዎንታ አንገቷን ነቀነቀች፤ ወዲያው ግን ዋሽቻት ይሆን ብላ ፈራች።

ማታ ከእናቷ ጋር ወደ ቤት ሲሄዱ ስለ ካርዱ የነገረቻት ነገር አልነበረም። እናቷ ግን በሳሙና ውሃ የተሸበሸቡ ጣቶቿን እያፍታታች ራሷ አነሳችው። "ከማክሰኞዎቹ አንሶላዎች ውስጥ ብረት ስንለቅም ሁለት ቀናችን" አለች። "ሆስፒታሉ ሁሉ ምን እንደሆነ ያውቃል። የማያውቀው ካርዱ ብቻ ነው አሉ።"

"እማዬ፣ እሱ ነው የጻፈው።"

እናቷ እርምጃዋን ቀነሰች። "የኮሎኔሉ ቤት ሰው አንድ ቀን ይርቃል ብዬሽ ነበር" አለች። ወዲያው ደግሞ፣ "እሱን ልጅ ግን አየሁት፤ ትናንት ከሰዓት ምድር ቤት ወርዶ ክምር አንሶላ ላይ ተቀምጦ ነበር። የሞተበት ሰው ይመስላል። ማን ነው የሞተበት?"

ጠያቂዋ ቤት ገብታ ደብዳቤ ጻፈች።

"ካርዶቹን ነገ ከአሥር ሰዓት በፊት ማስገባት አለብኝ። የጻፍከውን ነዳጅ አላስገባም። ያልጻፍከውን መድፍ ማስገባትም አልችልም። ስለዚህ የምክንያቱን ቦታ ባዶ እተወዋለሁ። ባዶ ሲሆን ማዕከሉ እንደማይቀበላቸው አውቃለሁ። አንተም ታውቃለህ። እኔን ከሁሉ በላይ ያመመኝ ግን ሌላ ነው። አንተ ጽፈህ ትሄዳለህ፤ ቁጥሩን በእጄ የማስገባው እኔ ነኝ። ውሸቱ በእኔ እጅ እንደሚያልፍ እያወቅክ ላክህልኝ። ከእንግዲህ ስለ ሥራ ካልሆነ በቀር አትጻፍልኝ።"

ዓርብ ጠዋት በመልእክት ሣጥኑ ውስጥ ከተተችው። ከእጇ ሲወጣ መልሳ ልታወጣው ጣቷን ሰደደች፤ ቀዳዳው ጠባብ ነበር።

* * *

አራት ሰዓት ላይ አንድ ወጣት በካርድ ክፍሉ መስኮት ፊት ቆመ። ሹራብ ለብሷል፤ አቋቋሙ ግን የሹራብ ለባሽ አቋቋም አልነበረም።

"ማክሰኞ ከጡብ ፋብሪካ የመጡ ሰዎች ነበሩ?"

"ቤተሰብ ነህ?"

"አይደለሁም።"

"እንግዲያውስ ልነግርህ አልችልም።"

"ስማቸውን አልፈልግም። ስንት እንደሆኑ ብቻ ንገሪኝ።" ግራ ቅንድቡን በአውራ ጣቱ አሸ።

እስክሪብቶዋ እጇ ላይ ቆመ። ያንን አውራ ጣት ታውቀዋለች። ወጣቱም መታወቁ የገባው ይመስላል፣ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ። "እዚህ ያለው የአጥንት ሐኪም ወንድሜ ነው። መምጣቴን አይስማ" አለ። "እኔ መቶ አለቃ ነኝ፤ የመድፍ ክፍል። ማክሰኞ የዒላማውን ቁጥር ያነበብኩት እኔ ነኝ። ሁለት ቁጥር አዛውሬ አነበብኩ። ጥይቱ ወንዝ ዳር ባዶ ሜዳ ላይ ነው የወደቀው፣ ማንም አልተነካም አሉኝ። አባቴ ያን ዕለት ማታውን ፈቃድ አስወጥቶ ቤት አስቀመጠኝ። ወንድሜም ምንም የለም አለኝ። ዛሬ አውቶቡስ ውስጥ ሁለት ሴቶች ስለ ጡብ ፋብሪካው ሲያወሩ ሰማሁ።"

ጠያቂዋ የወንበሯን ጠርዝ ያዘች። ሐሙስ ደረጃው ላይ የተከፈተውና የተዘጋው አፍ ምን ሊል እንደነበር አሁን ገባት። የአባቱ ማዕረግ አልነበረም። ሐኪሙ ይህንን ልጅ ማሙሽ እያለ ነበር የሚያወራላት። እናታቸው ስትሞት ማሙሽ ስድስት፣ እሱ አሥራ አራት ዓመታቸው ነበር። ኮሎኔሉ ከግንባር ግንባር ሲዞሩ ጫማ እያሰረ፣ ፀጉር እያበጠረ ያሳደገው ወንድሙ ነው። እሷም ባለፈው ዓመት ሁለት ቁጥር አዛውራ አስገብታ ነበር። የደረሰባት ነገር ቢኖር የጋሼ ክላሴር ግልምጫ ነው።

ልትጠላው ፈለገች፤ አልሆነላትም። ከልጁ ይልቅ ግን ጡብ ደርዳሪዋ በዓይኗ ላይ ተቀምጣለች።

"ካርድ ላሳይህ አልችልም" አለችው። "የጠያቂ ሰዓት ግን እስከ ስድስት ነው። ሁለተኛ ፎቅ ነው። ማንም ሰው መግባት ይችላል።"

ሲሄድ ጋሼ ክላሴር ከክላሴራቸው በላይ አዩዋት። "ሂጂ እንጂ" አሉ። "እኔ መስኮቱን እይዛለሁ።"

ከክፍሉ በር ላይ ስትደርስ ልጁ በጡብ ደርዳሪዋ አልጋ አጠገብ ቆሟል። የተናገረውን መጀመሪያ አልሰማችም። የሰማችው መጨረሻውን ነው፦ "...እኔ ነኝ።"

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ወሬ ሁሉ ቆመ። ጡብ ደርዳሪዋ ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ስንት ዓመትህ ነው?"

"ሃያ አራት።"

"እኩያዬ ነህ።" ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ስትመለስ ድምፅዋ አልተለወጠም። "ውሃው ራቀብኝ። አቀብለኝ።"

ልጁ ብርጭቆውን አነሳ። ሲያቀብላት ግማሹ ፈሰሰ። እሷ የቀረውን ቀስ ብላ ጠጣችና ብርጭቆውን መለሰችለት።

"አሁን ሂድ" አለችው። "ይቅር እንድልህ ከሆነ የመጣኸው፣ እኔ ገና ራሴን አላየሁም። ግን መጥተሃል። ሌላው አልመጣም።"

ሲዞር ሐኪሙ በሌላኛው በር ላይ ቆሞ ነበር። የጉብኝት ሰዓቱ ነው፤ ሁሉንም ሰምቷል።

"ወንድም ጋሼ" አለ ልጁ። "ማንም አልተነካም ብለኸኝ ነበር።"

ሐኪሙ ግራ ቅንድቡን በአውራ ጣቱ አሸ።

"ካርዳቸው ላይ ምን ጻፍክ?"

የሐኪሙ ዓይን ጡብ ደርዳሪዋ አልጋ ላይ ወረደ።

"እባክህ፣ እኔ ያደረግሁትን ጻፍ" አለው ማሙሽ። "ሳትጽፈው ቀርተህ እኔ በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ?"

ጠያቂዋ ከበሩ ወደ ኋላ አፈገፈገች። የሁለቱን ፊት ማየት የሰው ቁስል ገልጦ እንደማየት ሆነባት። እንባዋ ለማን እንደሆነ ሳታውቅ ወረደ።

* * *

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ሐኪሙ ካርድ ክፍል ገባ። ደብዳቤዋን በደረት ኪሱ ይዞታል፤ ጫፉ ይታያል። ከጠረጴዛዋ ማዶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ካርዶቹን ስጪኝ።"

ሰጠችው። የመጀመሪያውን ከፍቶ የድሮውን ጽሑፍ ድፍን አድርጎ ሊያጠፋው እስክሪብቶውን ሲጫን እጁን ያዘችው።

"አትደምስሰው። አንድ መስመር ብቻ ስረዝበት። የድሮው መነበብ አለበት።"

"እንዲነበብ ነው የምትፈልጊው?"

"እኔ አይደለሁም። ደንቡ ነው።"

አንድ መስመር ሰረዘ። በላዩ ላይ "በወታደራዊ ዘመቻ ወቅት ፋብሪካው ላይ በወደቀ የመድፍ ጥይት ፍንጣሪ፤ ተጎጂዋ ሲቪል" ብሎ ጻፈ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ፊርማውን አኖረ። እንዲነበብ ብሎ እንደ ተማሪ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመ ነበር የሚጽፈው። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ሰባተኛው ላይ እጁ ቆመ።

"አባቴ ረቡዕ መጣ" አለ ወደ ካርዱ እያየ። "ለኔ ብለህ አይደለም፣ ለእናትህ ብለህ አለኝ። እናቴን በአፉ ሲጠራት ከሰማሁ አሥር ዓመት አልፎኛል።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ሸክም ይሆንብሻል ብዬ ነው።"

"አሁን ያልከበደኝ መስሎህ ነው?" ድምፅዋ ተሰበረ፤ መልሳ ያዘችው። "ብትነግረኝ አብሬህ አለቅስ ነበር። አልቅሼ ስጨርስ ጻፍ እልህ ነበር።"

"ስለዚህ እኮ ነው ያልነገርኩሽ።"

ጋሼ ክላሴር የሌለ ነገር ፍለጋ ከመደርደሪያው ኋላ ገብተው ቀርተዋል።

"ሌላም ልንገርሽ" አለ። "ዛሬ ማሙሽ ባይመጣ ኖሮ ደብዳቤሽን አንብቤም አልጽፍም ነበር። ከሆንኩት የተሻልኩ አድርገሽ እንዳታስቢኝ።"

አመማት። ከሐሙስ ጀምሮ ካመማት ሁሉ የባሰው ይህ ነበር። ግን ከሐሙስ ጀምሮ የነገራት የመጀመሪያው እውነትም ይኸው ነው። ስምንተኛውን ካርድ ከፍታ ፊቱ አስቀመጠችለት።

አሥራ አንደኛው ሲያልቅ ቁጥሮቹን ማስገባት ጀመረች። ስታስገባ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ እያየች ነበር። አሥር ሰዓት ሊሆን ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ዝርዝሩ ወጣ። ጋሼ ክላሴር ከመደርደሪያው ኋላ ብቅ ብለው ማኅተሙን ያለ ወሬ መቱበት።

"ዳይሬክተሩስ?" አለቻቸው።

"ሐኪሙ ጻፈ፣ ልጅቷ አስገባች፣ እኔ ማኅተም አደረግሁ እላቸዋለሁ። ሦስት ሰው ማባረር ፊርማው ይበዛባቸዋል።" ክላሴራቸውን ጠረጴዛ ላይ ጥለው፣ ወረቀቱን ብቻ ይዘው፣ የማዕከሉ መልእክተኛ ወዳለበት በር ሮጡ። ሲሮጡ ያያቸው ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

ሐኪሙ ተነሳ። "ሰኞ ጠዋት ማሙሽን ወታደራዊ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ይዤው እሄዳለሁ" አላት። "ራሱ ነው የመረጠው። አንቺን ምንም አልጠይቅሽም። የመጠየቅ መብቴን አጥፍቼዋለሁ።"

በሩን ዘግቶ ከሄደ በኋላ እስክሪብቶው ባዶው ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ልቧ ቀለል ማለት ሲገባው እንደ ድንጋይ ከበዳት። እውነቱ ገብቷል፤ እሱ ግን ወጥቷል።

* * *

ቅዳሜና እሁድ ሳይነጋገሩ አለፉ። ሰኞ ማለዳ ማዕከሉ ሦስቱንም ሰዎች መቀበሉን የሚገልጽ ወረቀት መጣ። ጡብ ደርዳሪዋ ሐሙስ ለልኬት ትሄዳለች። ጠያቂዋ ወረቀቱን ይዛ ፎቅ ወጥታ ነገረቻት፤ ከዚያም ጋሼ ክላሴርን አስፈቅዳ ወጣች።

የዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ኮሪደር ረጅምና ባዶ ነው። አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ አለው። ሐኪሙ ጫፉ ላይ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። ማሙሽ ከገባ ሃያ ደቂቃ ሆኖታል። ስትመጣ አያት፤ ለምን መጣሽ አላላትም። አጠገቡ ተቀመጠች፤ በመካከላቸው የአንድ ሰው ያህል ቦታ ቀርቷል።

ቀስ ያለ የጫማ ድምፅ መጣ። ኮሎኔሉ ነበሩ። መለዮ አልለበሱም። የሲቪል ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ሰፍቷል። ልጃቸውን ሳያዩ በተዘጋው በር ፊት ቆሙ። ጊዜው ሲረዝም በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ያዙ። ተነስታ ወደ ሐኪሙ ተጠጋችና ቦታ ለቀቀችላቸው። ትንሽ አመነቱ። ከዚያ ተቀመጡ።

"አንቺ ነሽ?" አሉ በሩን እያዩ።

"እኔ ነኝ።"

"የጻፍሽው አንቺ ነሽ?"

"ያስገባሁት እኔ ነኝ። የጻፈው ልጅዎ ነው። ጻፍ ያለውም ትንሹ ልጅዎ ነው።"

ኮሎኔሉ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አገላበጡ። "ሁለቱንም ልጆቼን ወሰድሽብኝ ብዬ ነበር ልናገርሽ የመጣሁት" አሉ። ትንፋሻቸው ይሰማት ነበር። "እዚህ ቁጭ ስል ግን አፌ እምቢ አለኝ።" ቀጥለውም፣ "እናትሽ እዚህ መሆንሽን ታውቃለች?"

"ታውቃለች።"

"ምን አለችሽ?"

"ሹራብ ደርቢ፣ የእነሱ ኮሪደር ይበርዳል አለችኝ።"

አዛውንቱ አንገታቸውን ደፉ። ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር ያልለየለት ድምፅ ከጉሮሯቸው ወጣ። "እውነቷን ነው" አሉ። "ይበርዳል።"

ከሐሙስ ጀምሮ ስትጠላቸው ነበር። አሁን ትከሻቸው ትከሻዋን ሲነካ ጥላቻውን ፈልጋ አጣችው። ያገኘችው ልጁን ውስጥ ያስገባ አባት ብቻ ነው። በሌላው ጎኗ የሐኪሙ እጅ ቀስ ብሎ፣ እየፈራ፣ እጇ አጠገብ መጥቶ ቆመ። አልነካትም። ጠበቀ።

ይቅር አላለችውም። የምትጠይቀው ብዙ ነገር አለ፤ የሚመልስበት ብዙ ቀንም ያስፈልጋል። እጁን ግን ያዘችው። ከበሩ ኋላ የማሙሽ ድምፅ እየቆረጠ እየቀጠለ ይሰማል፤ ምን እንደሚል አይለይም። ሦስቱም ጆሯቸውን ወደዚያ አቀኑ። ፈርታለች፤ ከቁጣዋም ገና ብዙው አለ። እንዲያም ሆኖ በዚያች ሰዓት ከዚያ ቀዝቃዛ ወንበር ሌላ የትም መሆን አልፈለገችም።